በደም የምትሠራዋ ሰዓት

ከሣጥኗ ብድግ ሳደርጋት ከሆዷ ውስጥ አንዲት ነገር ሽር ትላለች። ድምፁ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከተከፈተ አይሰማም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የማነሳት ባለቤቴ ሬዲዮኑን ከመክፈቱ በፊት ነው። ሽር ትላለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ መቁጠር ትጀምራለች። ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የእርጥብ ፈረስ ሽታ ይመጣብኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣል።

አሮጌ የእጅ ሰዓት እሰበስባለሁ። እንዲህ ስላችሁ ሀብታም እንዳልመስላችሁ፤ እዚሁ እንጅባራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ያሉኝ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም ባትሪ የማያውቁ፣ በሞላና በጥርስ የሚሄዱ። አንዷን ዳንግላ ገበያ ከዛጉ ቁልፎችና ከተሰበሩ መቀሶች መካከል አገኘኋት። አንዷን ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪዬ ስልክ ካለኝ ምን ታደርግልኛለች ብለው ሰጡኝ። አንዷ ከግማሽ ሰዓት በላይ መሄድ አትችልም፤ መልኳ ስለሚያምር ግን ይቅር ብያታለሁ። ስምንቱን በየማለዳው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ እሞላቸዋለሁ። ሞላቸው ሲጠነክር ከጣቴ ሥር ይሰማኛል፤ ሊጠግቡ ሲሉ እምቢ ማለት ይጀምራሉ፣ ያኔ መተው ነው። ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ልጆችሽን አጠባሽ?» ይለኛል። አጠባሁ እለዋለሁ።

ዘጠነኛዋ፣ በውርስ የደረሰችኝ ያቺ ሽር የምትለዋ፣ ግን በጣት አትሞላም። የጎኗ ቁልፍ ሰዓት ከማስተካከል ሌላ ሥራ የለውም፤ የምትሄደው በሌላ ነገር ነው። በምን እንደምትሄድ አንድ የማከብራቸው ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ተሳስተው ኖረው ነበር፤ ያረምኳቸው እኔ ነኝ። በማረሜ አንዳንዴ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ያንገበግበኛል።

ከገጠር ወደ ከተማ የመጣሁት አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ነው። የኛ ሰፈር ሰዎች ያኔም አሁንም እንጅባራ አይሉም፣ በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚሏት፤ አባቴም ቆሰበር ቤት ተከራየሁልሽ ብሎ ነው የነገረኝ። የተከራየልኝ ክፍል አልጋዬና የስንቄ ጆንያ ከገቡ በኋላ ሌላ ነገር የማይገባበት ሲሆን ከፈረስ ጋጣ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። ፈረሱ ጎኑን ግድግዳው ላይ ሲያሽ አልጋዬ አብሮ ይነቃነቃል። መጀመሪያ ሰሞን ደንግጬ እነሳ ነበር፤ በኋላ ካልተነቃነቀ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

አከራዮቼ ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው የወጡላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየውን አባባ፣ ሚስቲቱን እማማ ነበር የምላቸው። አባባ እንደ እኔው አፋቸውን በአዊኛ የፈቱ ናቸው፤ እማማ ከቡሬ በኩል የመጡ ስለሆኑ ቋንቋው ግማሹ ብቻ ይገባቸዋል። አባባ ወጡ ጨው ሲበዛበት በአዊኛ ለእኔ ያማሉ። እማማ ሳህን እያነሱ ቀና ሳይሉ ያቺኛዋ ግማሽ ገብታኛለች ይላሉ። እኔ በመሐል ሳቄን ለመዋጥ እንጀራ አጎርሳለሁ፣ ለራሴ።

አባባ ፈረሰኛ ነበሩ። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ብዙ ነው፤ ፈረሰኛ የሚባለው ግን ጥቂት ነው። ጥር ላይ ፈረሰኞች ሜዳ ሲወጡ አባባ ነጭ ለብሰው፣ ዳማ ፈረሳቸውን አስጊጠው ከፊት ይሰለፉ ነበር አሉ። በሌላውም ቀን ቢሆን ገበያው በፈረስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በፈረስ፣ ለቅሶው በፈረስ ነው። በግራ እጃቸው አንጓ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ያቺ ሰዓት አለች። ፊቷ ድሮ ነጭ የነበረ፣ ከዕድሜ ብዛት ቅቤ የመሰለ ነው። ማሰሪያዋ ከልጓም ቆዳ የተረፈ ጠፍር ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የቀደዱትና የሰፉት።

ሰዓቷን ያገኟት በወጣትነታቸው ዳንግላ ገበያ ላይ አንዲት ውርንጭላ ለአንድ ነጋዴ ሰጥተው ነው። ነጋዴው መሙላት የለባት፣ የባትሪ ድንጋይ የለባት፣ ደም ሥርህ ላይ እሰራት፣ በደምህ ነው የምትሠራ አላቸው። ዛሬ ስነግራችሁ ያስቃል። ያኔ ግን ይህን የሚያምኑት አባባ ብቻ አልነበሩም፤ አባቴም ያምን ነበር፣ እኔም እስከዚያ ዓመት ድረስ አምን ነበር። የአባባ ማስረጃ ደግሞ ጠንካራ ነበር። የእማማ ወንድም፣ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ፣ ለአንድ ሠርግ ተውሷት ሳይመልስ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለች። አባባ መልሰው ሲያስሯትና ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ መንገድ ላይ ተነሳች። ከዚያ በኋላ በየድግሱ ደምህ ውሃ ነው እያሉ ሲያላግጡበት ኖሩ። ሰውየውም ፈርቶ ለሁለት ሳምንት ጥሬ ጉበት በላ ይባላል።

ኅዳር ላይ አባባ ሳል ያዛቸው። ብርድ ነው ተባለ፣ ነጭ ሽንኩርት ተባለ፣ ማር ተባለ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደው ሲመረመሩ ሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ክኒኑ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘለል እንዲዋጥ፣ መስኮቱም ክፍት እንዲሆን ታዘዘ። መስኮቱ ሥር ባለው የቀርከሃ አልጋ ላይ ተኙ። ያ ትልቅ ሰው ትራሱ ውስጥ ሰጥሞ ሳየው ዓይኔን ማሳረፊያ አጣሁ። ሰዓቷ ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ወዲያ ወዲህ ትላለች።

አንድ ጠዋት በአዊኛ ጠሩኝ። ሰዓቷን ፈትተው ስሚልኝ አሉኝ። ጆሮዬ ላይ አደረግኳት፤ ምንም የለም። እኔም ሳላስብ አትሰማም አልኳቸው። ያን ቃል ምናለ ዋጥ ባደርገው። ሰዓቷን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስቀመጧትና ስለ ዝናብ በሚያወሩበት ድምፅ «ደሜ አልቋል ማለት ነው» አሉ።

እማማ ሰዓት ሠሪ ይያት ብለው ለመኗቸው። አባባ ሰዓቷ ምን ሆነች፣ የታመምኩ እኔ አይደለሁም ወይ አሉ። በዚያው ቀን የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ። ዳማው ለየትኛው ልጃቸው እንደሚሆን ተናገሩ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። አጥሚት ሲቀርብላቸው አልፈልግም፣ ክኒን ሲቀርብላቸው ላለቀ ደም ክኒን ምን ይረባል ይላሉ። እማማ አጥሩ ጋ ሄደው፣ እንዳላይባቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ያለቅሱ ነበር። እኔ ሰው በፊቴ ለመሞት ሲዘጋጅ አይቼ አላውቅም። ደግሞ እወዳቸው ነበር። ከወላጅ አባቴ ይልቅ እሳቸው ናቸው ዛሬ ምን ተማርሽ ብለው የሚጠይቁኝ፤ መልሱንም ቁጭ ብለው የሚሰሙኝ።

የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋቱ የኔ ነው። በማግስቱ አባባ ሲያሸልቡ እማማ ሰዓቷን ከትራስ ሥር አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሰጡኝ። ገበያው ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ መስታወት ያለው ትንሽ ሣጥን ፊቱ አድርጎ የሚቀመጥ ሰዓት ሠሪ ነበር። አሁን የስልክ መስታወት ይቀይራል፤ ለኔ ሲል ግን የሰዓት ዘይት አያጣም። ሰዓቷን ተቀብሎ ሁለቴ ሦስቴ ነቅነቅ አደረጋት። መቁጠር ጀመረች። ምን ሆና ነበር ስለው ምንም፣ ርቧት ነው አለኝና ሳቀ።

የገረመኝን አይቶ መሰለኝ ጀርባዋን ከፈተልኝ። ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ ያዥው አለኝ። እስከዛሬ ድረስ ሰዓት የምሰበስበው ያንን ያየሁትን እንደገና ለማየት ነው። የስንዴ ፍሬ የማይሞሉ ጥርሶች፣ አንዱ ሌላውን ቀስ አድርጎ የሚገፋ። ቀያይ ፍንጣሪ ድንጋዮች። ከታች አንዲት ቀጭን ክብ፣ ወዲያና ወዲህ እየዞረች የምትተነፍስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ከባድ ብረት ነበረች፤ ሰዓት ሠሪው እጁን ባዘነበለ ቁጥር ሽር ብላ ትዞራለች። እጅ ሲንቀሳቀስ ይቺ ትዞራለች፣ ይቺ ስትዞር ሞላውን ታጠነክራለች፣ ከዚያ ሳትነካ ቀን ተኩል ትሄዳለች አለኝ። ደሙስ ስለው «ምን ደም?» አለኝ።

ወደ ቤት የተመለስኩት እየሮጥኩ ነው፤ እየሮጥኩ ደግሞ እየሞላኋት። እማማ ሰምተውኝ ሲያበቁ ብዙ አሰቡ። አሁን ብትነግሪያቸው አያምኑሽም፣ እሷ ትሂድና ይስሟት፣ ይብሉ፣ ክኒናቸውን ይዋጡ፣ ሌላው ሌላ ጊዜ ነው አሉኝ። ክፉ ምክር አልመሰለኝም። ትራሱ ሥር መለስናት። አባባ ሲነቁ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ እሷ ሄደ። ጆሯቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ «መጣች» አሉ። ማታውኑ አጥሚት ጠጡ፣ ክኒን ዋጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ያዝን። አባባ ጠዋት ክኒን ውጠው ሲያሸልቡ እማማ ማሰሪያዋን ልጥረግላት በሚል ሰበብ ያወጧታል። እኔ ዳማውን ቆሞ እንዳይደርቅ ላንሸራሽረው በሚል ሰበብ እወጣለሁ። ገጠር ያደግኩ ነኝ፣ ወፍጮ ቤት እህል የማመላልሰው በፈረስ ስለነበር መጋለብ አይከብደኝም። ሰዓቷ ለአንጓዬ ሰፊ ስለሆነች ከክርኔ በላይ አስሬ የሹራቤን እጅጌ አወርድባታለሁ። ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ እስከ ቀርከሃው ደን ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ጉሙ ገና አልተነሳም። ከቀርከሃው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ አንገቴ ውስጥ ይገባል። የኮርቻው ቆዳ፣ የዳማው ላብና እርጥቡ ጋማ አንድ ላይ ሲሞቁ የሚወጣውን ሽታ ከየትኛውም ሽቶ አልለውጠውም።

መመለሻው ላይ ዳማውን ላሳርፈው እቆማለሁ። ያኔ ሦስት ድምፅ ይሰማኛል፤ የፈረሱ ትንፋሽ፣ የኔ ልብና የሰዓቷ ምት። ክንዴን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት እሞክራለሁ። ጀርባዋን ከፍቼ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ፊዚክስ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። ሆኖም እዚያ ጉም ውስጥ ለአፍታ ነጋዴው እውነቱን የተናገረ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ተሻላቸው። ጥምቀት ሲደርስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ጉንጫቸው ሞላ። ሰዓቷን ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ያሰማሉ። ለእማማ ወንድም ደግሞ ለብቻው ደጋግመው አሰሙት። እኔና እማማ ውሸቱን ለመድነው። ጠዋት ጠዋት ስንተያይ ሳቃችን ይመጣል። ያን ሰሞን ከራሴ ብልጠት ጋር ፍቅር ይዞኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የካቲት ላይ እማማ ቤቱን ለመጥረግ አልጋውን በአንድ ወገን እንድይዝላቸው ጠሩኝ። ብድግ ስናደርገው ከቀርከሃው እግር ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ቀርከሃው ክፍት ነው፤ ከላይ እጅ የሚያስገባ አፍ አለው። ገልብጠን ስንመታው ክኒኖች መሬቱ ላይ ተበተኑ። ቆጠርናቸው። የሃያ ስድስት ቀን ነበሩ።

አባባ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ነበሩ። እማማ ክኒኖቹን በመዳፋቸው ይዘው ወጡና ፊታቸው ቆሙ። አባባ አልደነገጡም፤ እንዲያውም ያዘኑላቸው መሰሉ። ሰዓቷ ስትሄድ እየሰማሽ፣ ደሜ መለስ ብሎ ሳለ፣ ለጤነኛ ሰው ክኒን ምን ያደርጋል አሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሳላቸው መጣ። ባለፈው ሳምንት እንደ ትንታ የቆጠርነው ሳል ነበር። እማማ ዞረው አዩኝ። መናገር ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ከዓይናቸው ገባኝ።

ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከኅዳር ጀምሮ በየጠዋቱ በኔ ክንድ ላይ ስትሞላ እንደነበር ነገርኳቸው፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ጠፍሩ ያወጣብኝን ምልክት አሳየኋቸው። ትንሽ አሰቡና እንግዲያ ባንቺ ደም ነዋ የሠራች፣ ያንቺ ደም ወጣት ነው አሉ። ተነስቼ በፊታቸው የዳማው ልጓም ላይ አስሬ ግቢውን አዞርኩትና አሰማኋቸው። «የፈረስም ደም ደም ነው» አሉ። አሁን ሳስበው ያሸነፉኝ እሳቸው ነበሩ። እልህ ግን ያዘኝ።

ሰዓቷን ፈትቼ መስኮቱ ላይ፣ እሳቸው በሚያዩበት አስቀመጥኳት። በሁለተኛው ቀን ቆመች። አየሽ፣ ከደም ስትርቅ ሞተች አሉኝ። ያኔ የእማማን የወተት ቅል አየሁት፤ በገመድ ተንጠልጥሎ ለመናጥ ተዘጋጅቷል። ሰዓቷን ወስጄ የቅሉ አንገት ላይ አሰርኳት። እማማ መናጥ ጀመሩ። አባባ ኩርሲያቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ቅቤው እስኪወጣ ድረስ የወተቱ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ፈታኋትና ጆሯቸው ላይ አደረግኳት። ወተት ወተት ትሸታለች፣ ትሄዳለች።

«ቅል ደም አለው ወይ፣ አባባ?» አልኳቸው።

ሰዓቷን ተቀብለው ፊቷን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። ከዚያ «እንግዲያ ፈረሶቼ ናቸዋ ሲሞሏት የኖሩ፤ እኔ አይደለሁም» አሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አሸናፊ ነበርኩ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ደግሞም ፈርቼ ነበር። ያዳነዎት ክኒኑ ነው አልኳቸው። ሰዓቷ ስለ ሳንባዎ ምንም አታውቅም። «እርስዎ ቢሞቱም አታውቅም፤ ቀን ተኩል ዝም ብላ ትሄዳለች።»

«ቀን ተኩል?» አሉኝ።

ቀን ተኩል አልኳቸው።

ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ሰዓቷን አላሰሯትም፤ መስኮቱ ላይ እንደቆመች ተቀመጠች። ግድግዳውን ተደግፌ ፈረሱን እየሰማሁ ምን እንደወሰድኩባቸው ለማወቅ ስሞክር ሰነበትኩ። ሰዎች ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ መሬታቸው ይኮራሉ፤ እሳቸው ከአርባ ዓመት በላይ በደማቸው አንዲት ነገር በሕይወት እንደምትኖር እያሰቡ ሲኮሩ ነበር። ያንን እኔ በአንድ ቅል ወተት አፈረስኩት። እማማ አበጀሽ፣ አሁን ይገባቸዋል እያሉ ያጽናኑኛል። እኔ ግን ጋጣው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከውጭ አንድ ድምፅ ተጣራ። «ባለ ቅሏ! ክኒኔን ይዘሽ ነይ።» ስወጣ አባባ በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ዋጡ። ሰዓቷን ከመስኮቱ አንስተው አንጓቸው ላይ አሰሩና ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይሞላብኝ፣ ራሴ ነኝ የማነቃንቃት አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው እስከ ጋጣው ሄዱ። ዳማውን አሹት፣ ተመለሱ። በማግስቱ እስከ አጥሩ፣ በሳምንቱ እስከ መንገዱ። ጤና ጣቢያው ክኒኑን እንደ አዲስ ከአንድ አስጀመራቸው፤ አንድም ቀን ሳይዘሉ ጨረሱ። ሲራመዱ የግራ እጃቸውን ወዲያ ወዲህ ያወናጭፉ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ወታደር ይላቸው ጀመር። በቀጣዩ ጥር ፈረሰኞች ሲወጡ እሳቸውም ወጡ፤ ከፊት ሳይሆን ከዳር። እኔ ከሕዝቡ መሐል ሆኜ እጃቸውን ብቻ ነበር የማየው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ። ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ባል አግብቼ እንኳ እሑድ እሑድ እጠይቃቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ስሜ ባለ ቅሏ ነበር። የታመሙት በእርጅና ነው፤ ዐሥር ቀን ተኙ። ሰዓቷ እጃቸው ላይ እንደቆመች አየሁና ላንሸራሽራት ብዬ እጄን ስዘረጋ በአዊኛ ተይ፣ እሷም ትረፍ አሉኝ። ሁለተኛ ነገር አልተናገሩኝም።

ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ የባለቤቱን ዕቃ ይዞ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። የአባባ ዳማ ራሱ አርጅቶ ነበር። ጋቢያቸውን ኮርቻው ላይ አነጠፉለት፣ አለንጋቸውን ሰቀሉበት። እማማ ከሴቶቹ መሐል ተነስተው መጡና ሰዓቷን በገዛ እጃቸው የኮርቻው ፊት ላይ አሰሯት። ሌሎቹ ፈረሰኞች ተከተሉት። ዳማው አንገቱን ደፍቶ ዞረ፣ ዞረ፤ ከዚያ የፈረሶቹ ኮቴ ሲበዛ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ሶመሶመ። አቧራው ውስጥ የሚታየው ባዶው ኮርቻ ነበር።

ሲመሽ ዕቃው ተመለሰ። እማማ ሰዓቷን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝ። ትሄዳለች። ዳማው ሞልቷት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ በእማማና በኔ መሐል ትራሱ ላይ አስቀመጥናት። ሁለታችንም አላነሳናትም፣ አላነቃነቅናትም። በማግስቱ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ገባ ወጣ ሲል እኛ በየመሐሉ ጎንበስ እያልን እንሰማታለን። ወደ ማታው ምቷ መዳከም ጀመረ። እጄ ሊያነሳት ሲፈልግ እማማ አይተውኝ «ተያት» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ጠያቂ ሳይመጣ፣ የሰከንዷ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ ተንቀጥቅጣ ቆመች። ቀን ተኩል ሞልቶ ነበር። እማማ ጎንበስ ብለው ሰሙ፤ ደግመው ሰሙ። እኚህ ሴት ያን ቅል በገዛ እጃቸው የናጡ ናቸው፤ ሰዓቷ በምን እንደምትሄድ ከኔ እኩል ያውቃሉ። ቀና ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና «አሁን አረፉ» አሉኝ።

እኔም አላረምኳቸውም።